ለወጣት የፖከር ተጫዋቾች፦ ጠንካራ ካርታ ሲያዝ ኮል ወይስ ኦል-ኢን?

ውድ ወጣት ወዳጆቼ፣

በፖከር ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። በእናንተ ዕድሜ ካሉ ተጫዋቾች በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ስለ ደካማ ካርታ ሳይሆን ስለ ጠንካራ ካርታ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ደካማ ካርታ የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጥለዋል፤ ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው ግን ተጋጣሚው ሲወራረድበት ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። ወይ ኮል ያደርጋል፣ ማለትም የተወራረደውን ያህል ብቻ አስገብቶ ይቀጥላል፤ ወይ ደግሞ ኦል-ኢን ይገባል፣ ማለትም ፊቱ ያለውን ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚወራረዱበትን መጫወቻ) በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ መሃል ይገፋል። አብዛኞቻችሁ ይህን ምርጫ የምትወስኑት የካርታችሁን ማማር አይታችሁ ነው። እኔ ግን የካርታው ማማር ብቻውን ምርጫውን አይወስንም እላለሁ፤ የሚወስነው፣ ሁሉንም ከገፋችሁ በኋላ ተጋጣሚያችሁ በየትኞቹ ካርታዎች እንደሚቀርና የትኞቹን እንደሚጥል ነው። የምናገረውም ስለ ቴክሳስ ሆልደም፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የግል ካርታ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ከሚወጡት አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር ስለሚያጣምርበት ጨዋታ፣ በተለይም የውርርድ ገደብ ስለሌለው ዓይነት ነው።

ነገሩን ከመጨረሻው ካርታ፣ ከሪቨር፣ ብንጀምረው ይቀልላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚወጣ ካርታ ስለሌለ ሒሳቡ ንጹሕ ይሆናል። ፖቱ ውስጥ፣ ማለትም መሃል ላይ ከተሰበሰበው ውርርድ ውስጥ፣ 100 ቺፕ አለ እንበል። ተጋጣሚያችሁ 50 ይወራረዳል፤ እናንተ 200 ቺፕ ቀርቷችኋል፣ እርሱም ከውርርዱ ሌላ 150 ቀርቶታል። እንደዚህ ሊወራረድባቸው ከሚችሉ 100 የካርታ ጥምረቶች ውስጥ እናንተ 70ውን ታሸንፋላችሁ፣ በ30ው ትሸነፋላችሁ። ኮል ብታደርጉ 70 ጊዜ 150 ታገኛላችሁ፣ 30 ጊዜ 50 ታጣላችሁ፤ በአማካይ 90 ቺፕ ታተርፋላችሁ ማለት ነው። ኦል-ኢን ብትገቡ ግን ተጋጣሚው አዲስ ውሳኔ የመወሰን ዕድል ያገኛል። ከምታሸንፏቸው 70 ጥምረቶች 40ው ባዶ ብላፍ (ለማስፈራራት ብቻ የተወራረደባቸው ደካማ ካርታዎች) ከሆኑ ወዲያው ይጥላቸዋል፤ ከቀሩት 30 መካከለኛ ካርታዎችም 20ውን ፈርቶ ቢጥል በ10ው ብቻ ኮል ያደርጋል፤ እናንተን ከሚያሸንፉት 30 ካርታዎች ግን አንዱንም አይጥልም። ስለዚህ 60 ጊዜ 150፣ 10 ጊዜ 300 ታገኛላችሁ፣ 30 ጊዜ ደግሞ 200 ታጣላችሁ፤ አማካዩ ወደ 60 ቺፕ ይወርዳል።

ከመቶ ሰባ ጊዜ የሚያሸንፍ ካርታ ተይዞ ሁሉን መግፋቱ ከኮል ያነሰ ያተረፈው ለምንድን ነው? ግፊቱ ደካሞቹን አባርሮ ጠንካሮቹን ስላስቀረ ነው። ከቀሩት 40 ጥምረቶች ውስጥ የምታሸንፉት 10ውን ብቻ ነውና፣ ቀድሞ የነበረው 70 ከመቶ አሁን 25 ከመቶ ሆኗል። ተጋጣሚው እነዚያን መካከለኛ 30 ካርታዎች አንድም ሳይጥል በሁሉም ኮል የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የኦል-ኢኑ አማካይ ትርፍም ልክ 90 ይሆን ነበር፤ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ይሆኑ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ በሪቨር ላይ ለጥቅም ሁሉን መግፋት ያለባችሁ ኮል ከሚያደርጉላችሁ ካርታዎች ከግማሽ በላዩን የምታሸንፉ ከሆነ ብቻ ነው። የተሻለ ካርታ የያዘን ሰው ለማስጣል መግፋት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን የሚያደርግ ሰው ካርታው ጠንካራ መሆን አያስፈልገውም፤ ጠንካራ ካርታን ለዚያ ዓላማ ማዋልም ብክነት ነው።

በፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) እና በተርን (አራተኛው) ላይ ግን የሚመጣ ካርታ ስላለ ሁኔታው ይለወጣል፤ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱትም ተጋጣሚ ካርታውን ሲጥል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዋጋ እንዳለው አድርገው ስለሚያስቡ ነው። ተጋጣሚያችሁ ባዶ ብላፍ ይዞ ከጣለ፣ የጣለው ነገር ከእናንተ ትርፍ ላይ የሚወስደው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ይልቁንም በሚቀጥለው ካርታ ላይ እንደገና ሊያስገባ የነበረውን ገንዘብ ራሳችሁን አሳጥታችኋል። ለፍላሽ (ምልክታቸው አንድ ለሆነ አምስት ካርታዎች) አንድ ካርታ የቀረው ሰው ሲጥል ግን የተለየ ነው። ዘጠኝ የሚጠቅሙት ካርታዎች አሉትና በፍሎፕ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ካርታዎች ቢያይ ከመቶ 35 ጊዜ ያህል፣ በተርን ላይ ሆኖ አንድ ብቻ ቢያይ ከመቶ 20 ጊዜ ያህል ፍላሹን ይሞላል። ፖቱ 150 ከሆነና በተርን ላይ እንዲህ ያለውን ሰው ካስጣላችሁት፣ የእርሱን 30 ቺፕ የሚያህል ድርሻ ወስዳችሁበታል፤ ሳይጥል በመጥፎ ዋጋ ኮል ቢያደርግ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስገባላችኋል። በየትኛውም ቢሄድ ትጠቀማላችሁ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ካርታዎች እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡና ምልክታቸው የሚመሳሰል ሲሆን ጠንካራ ካርታ ወደ ግፊት ያዘነብላል፤ የተራራቁና ምልክታቸው የተለያየ ሲሆን ደግሞ ወደ ኮል ያዘነብላል።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ በጣም ከታወቁት ፍጻሜዎች ሁለቱ ሁለቱን ጠርዞች፣ መደበቅንና መግፋትን፣ ያሳያሉ (የካርታዎቹ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ አሥር እያለ ይወርዳል)። በ1988 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ጆኒ ቻን ጃክና ዘጠኝ ይዞ ኩዊን፣ አሥርና ስምንት ሲወጡለት ከፍተኛውን ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) በፍሎፕ ላይ አገኘ። ኃይሉን ግን ደበቀ፤ ጥንድ ኩዊን ያገኘው ኤሪክ ሳይደል በመጨረሻ የቀረውን ሁሉ ራሱ ገፋለት። በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር 839 ሰዎች በተሳተፉበት በዚያው ውድድር፣ ለ2.5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ባበቃችው እጅ፣ አምስትና አራት ይዞ ጃክ፣ አምስትና አራት ወጡለት፤ ጃክና አሥር የያዘው ሳሚ ፋርሃ ጥንድ ጃክ አገኘ፣ የሁለቱም ትግል በፍሎፕ ላይ ኦል-ኢን ሆኖ አበቃ። ሁለት ትናንሽ ጥንዶች የያዘ ሰው መጠበቅ አይጠቅመውም፤ ከፍ ያለ ካርታ ቢወጣ ተጋጣሚው ሊቀዘቅዝ፣ ጃክ ወይም አሥር ቢወጣ ደግሞ ቀድሞት ሊሄድ ይችላል። ቻን ግን ከላዩ የነበረ ካርታ አልነበረም፣ ጠረጴዛው ላይም ሊያስፈራው የሚችለው ጥቂት ነበር።

የቻንን ጨዋታ ያዩ ወጣቶች የተሳሳተውን ትምህርት ሲወስዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መደበቅን እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል። በእኔ ግምት በተራ ጠረጴዛ ላይ ከሚታየው ድብብቆሽ አብዛኛው ራስን ከማስደነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ቻን ኮል ማድረጉ ትክክል የሆነው ተጋጣሚው በራሱ የሚገፋ ሰው ስለነበረ ነው፤ ኮል ብቻ የሚያደርግ፣ በራሱ የማይወራረድ ሰው ፊት ግን መደበቅ ገንዘብን ሳይቀበሉ መተው ነው።

ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች እንመለስ። በ52 ካርታዎች ውስጥ 1,326 የሁለት ካርታ ጥምረቶች አሉ፤ ጥንድ ኤስ ከእነዚህ 6ቱን ብቻ ይይዛል፣ ይኸውም በአማካይ ከ221 አንድ ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። ጥንድ ኤስ አንድ ተጋጣሚ ብቻ ሲኖረው፣ ያ ሰው ያገኘውን ካርታ ሁሉ ይዞ ቢገባ እንኳ፣ ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፤ አራት ሲሆኑ ወደ 56፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 35 ይወርዳል። ስለዚህ ከፍተኛውን ካርታ ይዞ ብዙ ሰው ርካሽ እንዲገባ በዝምታ መጋበዝ የካርታውን ዋጋ በገዛ እጅ ማርከስ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ከበድ የሚለው ጥንድ ኩዊን ነው።

ጥንድ ኩዊን ይዛችኋል፤ ተጋጣሚያችሁ 100 ቺፑን በሙሉ ገፍቷል፤ እናንተም የጀመራችሁት በ100 ነው። ሊገፋባቸው የሚችላቸው ካርታዎች ጥንድ ኤስ፣ ጥንድ ኪንግና ኤስ-ኪንግ ብቻ ናቸው እንበል። ጥንዶቹ 6፣ 6 ጥምረት አላቸው፣ ኤስ-ኪንግ ግን 16 አለው። በጥንዶቹ ፊት ከመቶ 19 ጊዜ ያህል፣ በኤስ-ኪንግ ፊት 56 ጊዜ ያህል ታሸንፋላችሁ፤ በጠቅላላው 40 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ጥንድ ጃክን ብትጨምሩለት ወደ 47፣ ጥንድ አሥርንም ብትጨምሩ ወደ 52 ይወጣል። ሁለት ጥንዶች ብቻ ተጨምረው ሚዛኑ ከታች ወደ ላይ መገልበጡን ልብ በሉ። ከዚህ በኋላ ዋጋውን ታያላችሁ። ቀደም ሲል 8 ቺፕ ብቻ ካስገባችሁ፣ ጠቅላላው 200 ለሚሆን ፖት 92 መክፈል አለባችሁና 46 ከመቶ ያስፈልጋችኋል፤ በጠባቡ ግምት መጣል፣ ጃክን በሚጨምረው ግምት ደግሞ ለጥቂት ኮል ማድረግ ይገባል። ቀደም ሲል 25 አስገብታችሁ ከነበረ ግን የሚቀረው 75 ነው፣ የሚያስፈልገውም 37.5 ከመቶ ነው፤ በጠባቡ ግምት እንኳ ኮል ማድረግ ትክክል ይሆናል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት በመነሻ ላይ በግዴታ የሚገባውን አነስተኛ ውርርድ ትቼ ነው፤ እርሱ ቢጨመር ኮሉን ትንሽ ያቀልለዋል።

እንግዲህ ያው ጥንድ ኩዊን ተይዞ፣ ተጋጣሚው ሁሉን ሳይገፋ 25 ብቻ ቢወራረድ፣ ቀድሞ መግፋት ወይስ ኮል አድርጎ ፍሎፕ ማየት ይሻላል? ብትገፉ፣ ያ ጠባብ ዝርዝር ብቻ ሊቀርላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመቶ 40 ብቻ ነው የምታሸንፉት። ኮል ብታደርጉ ብላፉ ሁሉ ከእናንተ ጋር ይቆያል፤ ነገር ግን ከመቶ 41 ጊዜ ያህል ፍሎፑ ላይ ቢያንስ አንድ ኤስ ወይም ኪንግ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መረጋጋት ይከብዳል። ጥንድ ኪንግ ሲሆን ኤስ የሚወጣው ከመቶ 23 ጊዜ ያህል ብቻ ነውና ኮሉ ያን ያህል አያስጨንቅም። ስለዚህ የእኔ ልማድ፣ ብዙ ጊዜ በብላፍ በሚወራረድ ሰው ፊት ኩዊንን ኮል ማድረግ፣ በጃክና በአሥር እስከ መጨረሻው በሚሄድ ሰው ፊት ደግሞ መግፋት ነው። ኤስ-ኪንግ ከዚህ ይለያል፤ በጥንድ ኩዊን ፊት 43 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሚያሸንፍ፣ የሌላ ሰው ኦል-ኢን ላይ ኮል ለማድረግ ከሚያምረው ይልቅ ራሱ ለመግፋት ያምራል። ሲገፋ ጥንድ ስምንትና ዘጠኝ የያዙ ሰዎች ሊጥሉለት ይችላሉ፤ በተጨማሪም አንድ ኤስና አንድ ኪንግ በእጃችሁ ስለሆኑ ጥንድ ኤስና ጥንድ ኪንግ ከ6 ወደ 3 ጥምረት ያንሳሉ።

ሌላው ከመጀመሪያው መታየት ያለበት ነገር የቀረው ቺፕ ከፖቱ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ፖቱ 100፣ የቀራችሁ ቺፕ 80 ከሆነ ከላይ ያልነው ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ ትርጉም ያጣል፤ ጥሩ ጥንድ የያዘ ሰው ይገፋል፣ ነገሩም ያበቃል። የቀረው 400 ከሆነ በፖቱ ልክ ሁለት ጊዜ መወራረድ፣ 100 ከዚያም 300፣ ሁሉንም ያስገባል። 1,300 ከሆነ ደግሞ ሦስት እንዲህ ያሉ ውርርዶች ያስፈልጋሉ፤ 100፣ 300፣ 900። ይህን ፍሎፑ ላይ ያላሰበ ተጫዋች ሪቨር ላይ ሲደርስ ወይ ከፖቱ አምስት እጥፍ ገፍቶ ደካሞቹን ሁሉ ያባርራል፣ ወይ ሊያገኘው የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው። በተቃራኒው ከትልቁ የመነሻ ግዴታ ውርርድ አሥር እጥፍ ያህል ብቻ የቀረው ሰው በሌላው ውርርድ ላይ ኮል አድርጎ ፍሎፕ ማየት እምብዛም አይጠቅመውም፤ መግፋት ወይም መጣል ይሻለዋል።

ውድድር ላይ የምትጫወቱ ደግሞ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በሌላ ሚዛን እንደገና መመዘን አለባችሁ። አራት ሰዎች እኩል ቺፕ ይዘው ቀርተዋል፣ ሽልማቱ ከጠቅላላው 50፣ 30 እና 20 ከመቶ ለሦስት ሰው ይከፈላል እንበል። የእያንዳንዱ ድርሻ አሁን 25 ነው። አንዱን አሸንፋችሁ ቺፓችሁን ብታጥፉ፣ በተለመደው የቺፕ ዋጋ ስሌት ድርሻችሁ 50 አይሆንም፤ ወደ 38.3 ብቻ ይደርሳል። 25 አስይዛችሁ የምታተርፉት 13.3 ነውና፣ ኮል ለማድረግ 65 ከመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋችኋል። በተራ ጠረጴዛ ላይ በደስታ የምትቀበሉት 55 ወይም 60 ከመቶ እዚህ ኪሳራ ነው። ይህ ስሌት የሚከብደው ኮል በሚያደርገው ሰው ላይ መሆኑን አስተውሉ፤ ቀድሞ የገፋው ሰው ሌላው በመፍራቱ ይጠቀማል፣ ኮል የሚያደርገው ግን የሚያስጥለው ሰው የለውም። ስለዚህ በውድድር መጨረሻ ላይ ለመግፋት የሚበቃው ካርታና ለኮል የሚበቃው ካርታ በጣም ይራራቃሉ።

በ2017 ፒትስበርግ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም በ120,000 ጨዋታዎች አራት ባለሙያዎችን አሸንፏል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያንኑ ካርታ በዚያው ሁኔታ አንዳንዴ ኮል ያደርጉበታል፣ አንዳንዴ ይገፉበታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች «እንግዲያው ሁለቱም ልክ ነው» ብለው ስሜታቸው እንዳመራቸው ይጫወታሉ። ፕሮግራሙ የሚያደባልቀው ሁለቱ ምርጫዎች እኩል በሚያተርፉበት ቦታ፣ ስህተት በማይሠራ ተጋጣሚ ፊት እንዳይታወቅበት ነው። ካርታ መጣል በማይወድ ሰው ፊት ጠንካራ ካርታ ይዞ ማደባለቅ ግን ምንም ምክንያት የለውም፤ እርሱ ላይ መግፋት ነው።

ስለ ፍርሃት ጥቂት ልበል። ብዙ ኦል-ኢን ከድፍረት የመጣ ይመስላል፤ እኔ ግን ከፍርሃት የሚመጣው እንደሚበዛ ታዝቤያለሁ። «የሚቀጥለው ካርታ እንዳያበላሽብኝ» ብሎ የሚገፋ ሰው የሚፈልገው ማትረፍ ሳይሆን መገላገል ነው። ለኑሮው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ስሜት ሊያሸንፈው አይችልም፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ይዛችሁ አትቀመጡ፣ በየትኛውም መልኩ አትጫወቱበት። ከጨዋታ በኋላ ማስታወሻ ስትይዙም ያሸነፋችሁትንና የተሸነፋችሁትን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ፣ በገፋችሁበት ቅጽበት ኮል ያደርጋሉ ብላችሁ የገመታችኋቸውን ካርታዎች ጻፉ።

ለልምምድ ይህን እንሥራ። ጥንድ ሰባት ይዛችኋል፣ ፖቱ 100 ነው፣ ሁለታችሁም 400 ቀርቷችኋል፣ ተጋጣሚው 60 ይወራረዳል። ፍሎፑ ምልክታቸው የተለያየ ኪንግ፣ ሰባትና ሁለት ከሆነ እኔ ኮል አደርጋለሁ፤ ኪንግ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ካርታም አይሄድም፣ ብላፍ የያዘውም እንደገና ሊሞክር ይችላል። ፍሎፑ አሥር፣ ዘጠኝና ሰባት ሆኖ ሁለቱ አንድ ምልክት ካላቸው ግን እገፋለሁ፤ ብዙ ጥንዶችና ገና ያልሞሉ ስትሬቶችና ፍላሾች ይቀሩልኛል፤ ስትሬት ቀድሞ ያገኘ ሰው ቢገጥመኝ እንኳ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይ ካርታና አንድ ጥንድ) ወይም አራት ሰባት አገኝበታለሁ። አሁን በዚህ በሁለተኛው ፍሎፕ ላይ ሳልገፋ ኮል አድርጌ ነበር እንበል፤ ተርኑ ላይ የዚያው ምልክት ሦስተኛ ካርታ ወጣ፣ ፖቱ 220 ሆኗል፣ ተጋጣሚው 110 ይወራረዳል። የሚያስፈልገኝ 25 ከመቶ ነው፤ ካርታዬን የሚያሻሽሉልኝ ከ46ቱ ያልታዩ ካርታዎች አሥሩ፣ ማለትም 22 ከመቶ ያህል ናቸው፤ አሁንም ቀዳሚ የምሆንባቸው ጊዜያት ሲጨመሩ ዋጋው በቂ ነው። ብገፋ የሚቀሩልኝ በአብዛኛው ፍላሽና ስትሬት ስለሆኑ እዚህ 110ሩን ብቻ አስገብቼ ሪቨሩን እጠብቃለሁ።